ቮልሱ ፍሬን ዘይት ያፈሳል፣ እጮኛው አልሳፈርም ብላለች

ዛሬ ፍቅርና ፍሬን አንድ ላይ መጥተውብናል። ባለጉዳዩ የጦር ኃይሎች ልጅ ነው። ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ቮልስ አለው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ሙዚቃውማ ሰፈር ያነቃንቃል። ችግሩ ያለው ከስር ነው፤ የፍሬን ዘይቱ በየሳምንቱ ይጎድላል። እሱ ግን መፍትሔ አግኝቻለሁ ባይ ነው። አንድ ጠርሙስ ፍሬን ዘይት ከወንበሩ ስር ያስቀምጥና በጎደለ ቁጥር መሙላት ነው።

እጮኛው አንድ ቀን ወደ አየር ጤና አብራው ስትሄድ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ደጋግሞ ሲረግጥ አየችና ምነው አለችው። «ያው የቮልስ ፀባይ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ታክሲ እየተጋፋች ትሄዳለች እንጂ አልገባም ብላለች። «አባቴ እኮ ሃያ ዓመት ነድቶታል!» ቢላት፣ «አባትህ የነዱት ፍሬን ያለው መኪና ነው» ብላ ዘጋችው። ልጁ እንድንሸመግለው ይፈልጋል።

ሽምግልናው አጭር ነው፤ ልጅቷ ትክክል ናት።

ፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ሆኖ የእግርህን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው እሱ ነው። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ደረጃው በወራት ውስጥ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። በየሳምንቱ ከጎደለ ግን እየፈሰሰ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ደግሞ የአሮጌ ቮልስ ጉዳይ ይለያል። በዛሬ መኪኖች መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማል። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው። አንዲት ጎሚኒ ከለቀቀች አራቱም ጎማ ባዶውን ይቀራል። ይህ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢደርስብህ ብለህ አስበው።

መኪናውን ሽጠው አልልህም። ቮልስ በአገራችን ታሪክ ያለው መኪና ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ሞኝነት አይደለም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ፈልግ። ማታ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ ከስሩ ካርቶን አንጥፍ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የሚባል ነገርም የለውም። ስለዚህ ከፊት በኩል የተንጠባጠበው የሞተር ዘይትም የራዲያተር ውሃም ሊሆን አይችልም። ቤንዚን ከሆነ (ታንከሩ ከፊት ነውና) በሽታው ይለያል። ፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ያንሸራትታል፣ ቀለም የነካ እንደሆነ ይልጠዋል። ከኋላ ጎማዎች አጠገብ ወፍራምና ከባድ ሽታ ያለው ነገር ካየህ የካንቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ቀጥለህ የጎማዎቹን የውስጥ ገጽ እይ። እርጥብ ከሆነ ታምቡሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ጎሚኒው አልቋል። አራቱንም የጎማ ቱቦዎች እጠፍ አድርገህ መሰንጠቃቸውን ተመልከት። ከፔዳሉ ስር ያለውን ምንጣፍም ግለጠው፤ እርጥብ ከሆነ የሚያፈሰው ዋናው ፖምፓ፣ ሜካኒኮች ማስተር የሚሉት ነው።

ጥገናውን ለደህና ሜካኒክ ስጠው። የኋላውን ታምቡር የያዘው ባለ 36 ብሎን ረጅም ቧንቧ ሰክተው ካልታገሉት አይንቀሳቀስም። ያኔ አጠገቡ ቁምና ሁለት ነገር ጠብቅ። የግራው ሲሊንደር ከተቀየረ የቀኙም ይቀየር። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል ቢሉህ እንዳትሰማ፤ ይጣል። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና አስተያይ።

ዘይቱስ? ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ይሁን። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ስለሆነ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ግን በጭራሽ! ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል። ከወንበሩ ስር ክዳኑ ተከፍቶ የከረመውን ጠርሙስም ጣለው። ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ንጹሕ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት የገባበት 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ መኪና አያቆምም።

መጨረሻ ላይ አየሩ ይወጣል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ማስወጫ ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል። መሪው በግራ ለሆነ ቮልስ ከቀኝ ኋላ ይጀመራል፤ ከዚያ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት። በመሃል ከላይ ያለው ዘይት እንዳያልቅ፤ ካለቀ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

እስከዚያ ድረስ መኪናውን አትንዳ። ያም ሆኖ መንገድ ላይ ፔዳሉ ድንገት ወለል ከነካ በፍጥነት ደጋግመህ እርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን መያዣውን ተጭነህ ቀስ እያልክ ሳብ። የእጅ ፍሬኑ በሽቦ ስለሚሠራ ዘይት አይፈልግም። ግን የሚይዘው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ነውና፣ እነሱ ዘይት ከጠጡ እሱም አያስተማምንም።

ተጠግኖ ሲመጣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በቀስታ ሞክረው። ፔዳሉን አንድ ደቂቃ አጥብቀህ ረግጠህ ያዝ፤ ወደ ታች ከሰመጠ ወደ ሜካኒኩ መልሰው። ካልሰመጠ የዘይቱን ደረጃ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግና ከሳምንት በኋላ የፊት ኮፈኑን ከፍተህ እየው።