የሕክምና ተማሪዎች የስብዕና ባሕርያትና የሚሰማቸው ውጥረት

መግቢያ

የሕክምና ትምህርት በየትኛውም አገር ረዥምና አድካሚ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964 ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ወደዚህ ሙያ የሚገቡት በአመዛኙ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገቡ ተማሪዎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ መምህሩም ሆነ ወላጁ «እርሱማ ጎበዝ ነው፤ ይወጣዋል» ብሎ ከሸኘ በኋላ በተማሪው ላይ የሚደርሰውን የመንፈስ ጫና እምብዛም አይከታተልም።

ነገሩ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ከ40 በላይ በሆኑ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ከሕክምና ተማሪዎች መካከል 27.2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ድብርት ወይም የድብርት ምልክት ታይቷል። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪው ስብዕና ከሚሰማው ውጥረት ጋር ያለውን ግንኙነት ማብራራትና መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ሊወስዱት የሚገባውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

የሚሰማ ውጥረት ሲባል

ሐንስ ሴልዬ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጽሑፍ ውጥረትን ያጠናው አካል ለጎጂ ነገሮች ሁሉ ከሚሰጠው ተመሳሳይ ምላሽ አንጻር ነበር። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ውጥረት የሚመነጨው ሰው የተጠየቀውን ነገር ከራሱ አቅም ጋር አመዛዝኖ «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ሲገምት መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት የሰውነት ክፍሎች ጥናት ፈተና የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ሸክሙ አንድ ሆኖ ሳለ የሚሰማቸው ውጥረት ሊለያይ ይችላል።

ይህን ስሜት ለመለካት ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ መጠይቅ አቅርበዋል። በብዛት የሚሠራበት ባለ 10 ጥያቄው ቅጽ ነው። ተጠያቂው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ነገሮች ከቁጥጥሩ ውጭ የሆኑበት፣ ችግር የተደራረበበት ወይም በራሱ የተማመነበት ጊዜ ምን ያህል እንደነበረ ከ0 እስከ 4 በሚደርስ ነጥብ ይመልሳል። በመልካም ስሜት የተጻፉት 4 ጥያቄዎች ነጥባቸው ተገልብጦ ሲደመር ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይሆናል። መጠይቁ የስሜትን መጠን ያሳያል እንጂ በሽታን አይመረምርም።

አምስቱ የስብዕና ባሕርያት

የሥነ ልቡና ሊቃውንት በሰዎች መካከል ያለውን የጠባይ ልዩነት በአምስት ዐበይት ባሕርያት ይከፍሉታል። እነዚህም ለሥጋትና ለጭንቀት ቅርብ መሆን፣ ተጫዋችነትና ተግባቢነት፣ ለአዲስ ሐሳብ ዝግጁነት፣ ከሰው ጋር ተስማሚነት፣ እንዲሁም ትጋትና ጥንቃቄ ናቸው። እያንዳንዱ ባሕርይ በሁሉም ሰው ዘንድ በተለያየ መጠን ይገኛል፤ የሚለየው ማነሱና መብዛቱ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ከሚሰማ ውጥረት ጋር ጎልቶ የሚዛመደው የመጀመሪያው፣ ማለትም ለሥጋት ቅርብ መሆን ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ለመምህራን ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው ግን የባሕርያቱ ጥምረት የሚያሳየው ነገር ነው።

ትጋት ከሥጋት ጋር ሲጣመር

በኖርዌይ የሕክምና ተማሪዎችን በመላ አገሪቱ ለስድስት ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። በጥናቱ እንደተገኘው፣ ለሥጋት ቅርብ መሆን ብቻውን ሳይሆን ከፍተኛ ትጋትም ራሱን ችሎ ወደ ውጥረት ያመራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ አደጋው ይበረታል። በዚህ ላይ ተማሪው ዝምተኛና ከሰው የማይቀላቀል ሲሆን ከሁሉም ይልቅ ለውጥረት ይጋለጣል። በአንጻሩ ተጫዋች፣ የማይሠጋና በሥራው እምብዛም የማይጠበብ ተማሪ የተሻለ ጥበቃ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። የሕክምና ትምህርት ተጠንቶ የሚያልቅ አይደለም። ትጉሁ ተማሪ ግን ሁሉንም አጥንቶ መጨረስን ለራሱ ግዴታ አድርጎታል። ቀድሞ በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ልጅ አሁን ሁሉም አንደኛ ከነበሩበት ክፍል ሲገባ ደረጃው ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ሥጉው ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል፤ ዝምተኛው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ለማንም አያዋየውም።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ደብተሩ የተሟላ፣ ከክፍል የማይቀር፣ መምህሩን የማያስቸግር ተማሪ በመምህራን ዘንድ «ምንም አይሆንም» ከሚባሉት የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ጥናቱ ይበልጥ ሊታሰብለት የሚገባ መሆኑን የሚጠቁመው ይኸው ተማሪ ነው።

ውጤቱን ስንተረጕም

ከላይ የተገለጸውን ግንኙነት ለመተርጐም ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሥጋት ባሕርይን የሚለካው መጠይቅና ውጥረትን የሚለካው መጠይቅ በከፊል አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከዝምድናው የተወሰነው ከጥያቄዎቹ መመሳሰል የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሞላ መጠይቅ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በአማርኛ «ጭንቀት» የሚለው ቃል ሥጋትንም፣ የሥራ መደራረብንም፣ ሕመምንም ይሸፍናል፤ ስለሆነም መጠይቁን በቀጥታ ከመተርጐም በፊት ተማሪዎች ቃሉን እንዴት እንደሚረዱት መፈተሽ ይገባል።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ

አንዳንድ ዕቅድ አውጪ «ለሥጋት ቅርብ የሆኑትን በመግቢያ ፈተና ብንለያቸውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ግን ጉዳት ያመጣል። በቤልጅየም የፍላንደርስ ክፍል የሕክምና ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ ትጋትና ጥንቃቄ ለትምህርት ውጤት ያላቸው ጠቀሜታ ዓመቱ በገፋ ቁጥር እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ውጥረትን የሚያባብሰው ባሕርይ ራሱ ሕመምተኛው ከሐኪሙ የሚፈልገው ባሕርይ ነው ማለት ነው። ተማሪውን ከመለየት ይልቅ ሸክሙን ማስተካከል ይሻላል።

ሸክሙ ሊስተካከል እንደሚችልም ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የውጤት ደረጃ በሚሰጥባቸው ዘንድ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ከሚባልባቸው ይልቅ ከፍ ያለ ውጥረት አግኝቷል። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በበኩሉ ከክሊኒክ ልምምድ በፊት ያለውን ምዘና ወደዚሁ ሥርዓት ለውጦ የክፍል ሰዓቱን በ10 በመቶ ቀነሰ፤ ተማሪዎችንም በትናንሽ የመማማሪያ ማኅበራት አደራጀ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ዘገባ መሠረት አዲሶቹ ተማሪዎች ከቀደሙት ይልቅ ያነሰ የድብርትና የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። ንጽጽሩ ከቀደሙ ተማሪዎች ጋር ብቻ በመሆኑ ፍጹም ማስረጃ ባይሆንም፣ ከተማሪው ስብዕና ውጭ ያለው ሁኔታ ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ያመለክታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተብራራው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ይቀርባሉ።

ሀ/ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የተማሪውን ማርክ ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትንም ሁኔታ ይመልከቱ። የሠራውን ደጋግሞ የሚሰርዝ፣ አንድ ዝቅተኛ ውጤት ለሳምንታት የሚያስተክዘው፣ ያልገባውን የማይጠይቅ ጎበዝ ተማሪ ከወዲሁ ቀርቦ ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ያስፈልገዋል።

ለ/ «በቂ» የሚባለው ዕውቀት ምን ያህል እንደሆነ በሥርዓተ ትምህርቱ በግልጽ ይጻፍ። ወሰኑ ያልታወቀ ሥራ ትጉሁን ያደክማል።

ሐ/ ተማሪው በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ዝምተኛውን መተው ስለሆነ፣ የምክር አገልግሎት ለሁሉም ተማሪ በመደበኛ ፕሮግራም ይሰጥ።

መ/ የስብዕናም ሆነ የውጥረት መጠይቅ ለመግቢያ መለያ አይዋል። መጠይቁ መቀጫ መሆኑ ከታወቀ ማንም እውነቱን አይሞላም፤ እርዳታ የሚያስፈልገውም ይበልጥ ይሸሸጋል።

ተማሪው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ ራሱን የሚመዝንበትን ልማድ ይዞ ይገባል፤ ልማዱም የሚፈጠረው በእኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሕክምና ፋኩልቲዎች ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።