ዲስኩን ይዞ መቆየት ወይስ ወርውሮ ማሳደድ

እኛ አገር፣ ደራ ላይ በረዶ የሚጋገርበት ሜዳ የለም። ቢሆንም በገና ሰሞን በቆልማማ ዱላ ሩር ያሳደደ ሰው አይስ ሆኪን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ስለታም ብረት የተገጠመለት፣ ሩሯም ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ ሆነች ማለት ነው። በየቡድኑ ከግብ ጠባቂው ጋር ስድስት ሰው ይሰለፋል።

ሩሲያውያንና አሜሪካውያን ግን ይህንኑ ጨዋታ ለየቅል ነው የተጫወቱት። አንዱ ምክንያት ሜዳው ነው። በአውሮፓ የተለመደው ሜዳ ስፋቱ 30 ሜትር ያህል ሲሆን የሰሜን አሜሪካው 26 ሜትር ግድም ነው። ሜዳው ሲጠብ ተጋጣሚ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ካናዳውያንና አሜሪካውያን ዲስኩን ወደ ተጋጣሚ ጥግ ወርውሮ፣ ተከትሎ ደርሶ፣ በትከሻ ገፍቶ መንጠቅን ለመዱ። ከዚያ በኋላ ያለ ብዙ ማሰላሰል ወደ ግብ መምታት ነው።

ሶቪየቶች በእጃቸው የገባውን ዲስክ እንዲህ በቀላሉ አይለቁም ነበር። ቀድሞ የሚያውቁት በሰፊ በረዶ ላይ በኳስ የሚደረገውን ባንዲን ነበር፤ የመጀመሪያውን የአይስ ሆኪ ሻምፒዮና ያካሄዱትም እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አሠልጣኙ አናቶሊ ታራሶቭ ቅብብልን የሁሉ ነገር መሠረት አደረገው። ሁለት ተከላካይና ሦስት አጥቂ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። መንገድ ሲዘጋባቸው ወደኋላ ተመልሰው እንደገና ይጀምራሉ። ለዓይን እጅግ ያምራል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በአሠልጣኝ ቪክቶር ቲኾኖቭ ዘመን የሶቪየት ሠራዊት ክለብ ተጫዋቾች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ ተለይተው በካምፕ ያሳልፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ ዋዜማ ሶቪየቶች አሜሪካን ኒው ዮርክ ላይ 10 ለ 3 ረመረሟት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በኦሊምፒኩ መድረክ፣ የኮሌጅ ልጆች የበዙበት የአሜሪካ ቡድን 4 ለ 3 አሸነፈ። አሜሪካውያን ተአምር ይሉታል። እኔ ግን ያለ አሠልጣኙ ኸርብ ብሩክስ ብልሃት አላየውም፤ የሶቪየቶችን ቅብብልና ቦታ መለዋወጥ ከሰሜን አሜሪካው ግፊያ ጋር አዋህዶ፣ ልጆቹን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በሚያደርስ የሩጫ ልምምድ አጠንክሯቸው ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ስትዳከም ተጫዋቾቹ ራሳቸው ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የዲትሮይት ቡድን አሠልጣኝ ስኮቲ ቦውማን አምስቱን ሩሲያውያን፣ ፌቲሶቭን፣ ኮንስታንቲኖቭን፣ ላሪዮኖቭን፣ ፌዶሮቭንና ኮዝሎቭን በአንድ ላይ አሰለፈ። በጠባቡ ሜዳ ላይም ዲስኩን ወደኋላ እየመለሱ ይቀባበሉ ጀመር። ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ1997 ከ42 ዓመት በኋላ የሰሜን አሜሪካ ሊግ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ አነሳች።