«ክርክር ያለበት ፍቺ»፦ ስለ አንድ የሕግ ስያሜ

እንግሊዞች «ኮንቴስትድ ዳይቮርስ» የሚሉትን ተርጓሚ «ክርክር ያለበት ፍቺ» ቢለው ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ሕጉን ግን ያዛባል። ስያሜው ክርክሩ የተነሣው በፍቺው ላይ ያስመስላል። በመካነ ሰላም ችሎት የቆመች የቦረና ገበሬ ሴት «ባሌ ከተከራከረ ፍቺ አላገኝም» ብላ ብትረዳው አይፈረድባትም።

በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ፍቺ የሚወሰነው በስምምነት፣ አለዚያም ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ በሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። ጥያቄ ሲቀርብ ዳኛው ዕርቅን ይመክራል፤ ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲያዩ ያደርጋል፤ ይህ ካልሠራም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ዕርቅ ከታጣ ፍቺ ይወሰናል፤ የሌላው ወገን እንቢታ አያስቀረውም። በመካነ ሰላም የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በዋና ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም።

እውነተኛው ሙግት በውጤቱ ላይ ነው፤ ይኸውም ልጆቹ ከማን ዘንድ ይደጉ፣ ቀለብ ማን ይስጥ፣ በሬውና ቤቱ የማን ነው የሚለው ነው። ንብረት የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» ባይ ማስረዳት አለበት። የእርሻ መሬትን በተመለከተ ተርጓሚው «ባለቤትነት» ከማለት ይጠንቀቅ፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነውና።

«ሽማግሌ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ማስተዋል ይሻል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሎች ነበሩ፤ ዛሬ ያስታርቃሉ እንጂ አይወስኑም። ቃሉ ሳይለወጥ ሥልጣኑ ተለውጧል። ስለዚህ የቀድሞ መዝገብ የሚተረጉም ሰው ዓመተ ምሕረቱን አስቀድሞ ይመልከት።

ግሡም የራሱን ድርሻ ይዟል። «ፈታት»፣ «ፈታችው» ሲባል አድራጊው አንድ ነው፤ «ተፋቱ» ግን የሁለቱን ድርጊት ስለሚያሳይ ጥያቄውን ማን እንዳቀረበ ይሰውራል። «አፋታ» ደግሞ ሦስተኛ ወገን ያስገባል። (የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የቃልን ትርጉም «ፍቺ» እያለ ስለሚኖር፣ ይህንን ቤተሰብ ሳይነካ ማለፍ አይችልም።) ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በዚያ ደጋ ኒካሕና ጠላቅም የተለመዱ ቃላት ናቸው። ሆኖም ጠላቅን በደፈናው «ፍቺ» ማለት አይበቃም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ጉዳዩ በሸሪዓ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው።

እንግዲህ ስያሜው ለሁለት ቢከፈል ይሻላል፦ ለመንገዱ «በአንድ ወገን ጥያቄ የሚወሰን ፍቺ»፣ ለሙግቱ «በፍቺ ውጤት ላይ የሚነሣ ክርክር»። ረዘም ይላሉ፤ ዳኛውም ባለጉዳይዋም ግን አንድ ነገር ይረዱባቸዋል።