ንጉሥ ከመሆኑ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ሙፋሳ ፊልሙ ሳይጋመስ ይሞታል። ደቦሉ ሲምባ ከአባቱ ሬሳ ሥር ገብቶ የሚተኛበት ትዕይንት ብዙ ልጅ አስለቅሷል፤ አዋቂም አስለቅሷል። ያ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ አንበሳ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደነገሠ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል በፊልም ሳይነገር ቆየ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ሙፋሳ፦ ዘ ላየን ኪንግ» ይህንኑ የሚተርክ ሙዚቃዊ ፊልም ነው።

የፊልም ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ «ፕሪኩዌል» ይሉታል። የሚሠራው ኋላ ነው፤ የሚተርከው ግን አስቀድሞ የሆነውን ነው። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው መቅደላን ብቻ ሰምቶ አይጠግብም፤ የቋራውን ካሳ፣ ኮሶ ሻጭ እየተባለች የተሰደበችውን እናቱን፣ የሽፍትነት ዘመኑን ይጠይቃል። የሙፋሳ ታሪክም ከካሳ ታሪክ የሚቀራረብ ነው፤ የነጋሢ ዘር የሌለው ልጅ እንዴት ነገሠ?

ነገሩ የሚጀምረው በጎርፍ ነው። ደራሽ ውኃ ትንሹን ሙፋሳ ከእናት ከአባቱ ነጥሎ ወደማያውቀው አገር ይወስደዋል። እዚያ ታካ የሚባል የንጉሥ ልጅ ከእናቱ ጋር ሆኖ ከአዞ ያድነዋል፤ ወንድሜ ነው ብሎም ይይዘዋል። የታካ አባት ኦባሲ ግን ባዳ ከወንዶቹ ጋር አይቆምም ይላል። ስለዚህ ሙፋሳ በሴቶቹ ዘንድ፣ በታካ እናት በኤሼ እጅ ያድጋል። ይህ ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ነው። ውርደት ተብሎ የተሰጠው ቦታ ትምህርት ቤት ይሆንለታል፤ ሽታ መለየትን፣ ነፋስ ማዳመጥን፣ ማደንን የሚማረው ከሴቶቹ ነው። ልዑሉ ታካ ግን ከተኛ አባቱ ሥር ውሎ ይህን ሁሉ ሳይማር ይቀራል።

ከዚያ ነጮቹ አንበሶች ይመጣሉ። መሪያቸው ኪሮስ ይባላል፤ የእኛ ተመልካች ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። ሁለቱ ወንድማማቾች ከእሱ ሸሽተው ሚሌሌ ወደተባለች ልምላሜዋ የተነገረላት ምድር ሲጓዙ እንስቷን አንበሳ ሳራቢን፣ ወፉን ዛዙንና ዝንጀሮውን ራፊኪን ያገኛሉ። ታካ ሳራቢን ይወዳል፤ እሷ ሙፋሳን ትወዳለች፤ ቅናት ወደ ክህደት ያደርሰዋል። በመጨረሻው ሰዓት ወንድሙን ሲያድን ፊቱ ላይ ጠባሳ ይቀራል። በ1994ቱ ፊልም ሙፋሳን የሚገድለው ስካር ይህ ታካ ነው። የልቡ መለወጥ ትንሽ ተጣድፏል ብዬ አምናለሁ፤ አሥር ደቂቃ ቢጨመርለት ኖሮ የበለጠ ባመመን ነበር።

በሙዚቃዊ ፊልም ዘፈን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጊዜን ያሻግራል። ደቦሎቹ ወንድም የማግኘት ምኞታቸውን እያዜሙ ሲሮጡ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጎልማሶች ሆነው እናገኛቸዋለን። የዘፈኖቹ ደራሲ ሊን-ማኑኤል ሚራንዳ ነው። ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ ለ1994ቱ የሠሯቸውን ያህል ከአፍ አይጠፉም ለማለት አልደፍርም፤ ይህ የወንድም ዘፈን ግን ይደርሳቸዋል። አዘጋጁ «ሙንላይት» በተባለው ፊልሙ የምርጥ ፊልም ኦስካር ያሸነፈው ባሪ ጄንኪንስ ነው። በፊልሙ አንድም እውነተኛ አንበሳ የለም፤ ሣሩም ጎፈሩም በኮምፒውተር ተሠርቷል። መታሰቢያነቱ ለመጀመሪያው ሙፋሳ ድምፁን ለሰጠውና እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ላረፈው ለጄምስ ኧርል ጆንስ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የታሪኩ አጥንት ከእውነተኛው የአንበሳ ኑሮ አይርቅም። ሴት አንበሶች በብዛት በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ወንዶቹ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ይባረራሉ። የተባረረ ወንድ ብቻውን ብዙ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ጓደኛ ይይዛል፤ ጓደኛው ደግሞ የሥጋ ዘመዱ ላይሆን ይችላል። እንደ ሙፋሳና ታካ ያሉ የማይዛመዱ «ወንድማማቾች» በዱር አሉ። መንጋ የሚነጥቁ አዲስ ወንዶችም ያገኙትን ደቦል ይገድላሉ፤ የኪሮስ ወረራም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ፊልሙ ከእውነቱ የሚለየው ወላጅ አልባው ደቦል ነገ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነው። መልሱ ያለው ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ከቡራዩ ተነሥቶ፣ በአምቦ መንገድ ገፈርሳንና መናገሻን ላለፈ ሰው፣ በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። በ77 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ፣ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ማገገሚያ ነው። አንበሶች፣ አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም ከሰንሰለት፣ ከጠባብ ጎጆና ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ ወጥተው ይኖሩበታል። በሰፊው ከታወቁት አንዱ ዶሎ የተባለው ጥቁር ጎፈር አንበሳ ነበር፤ በሶማሊያ ድንበር በኩል በሰንሰለት ታስሮ ተገኝቶ የመጣ። ሌሎቹ ብዙዎች በደቦልነታቸው ከእናታቸው የተነጠቁ ናቸው።

ታዲያ ለምን ወደ ጫካ አይመለሱም? የአንበሳ እናት ደቦሏን ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ታጠባለች፤ አድኖ ራሱን ለመቻል ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ኤሼ ለሙፋሳ ያስተማረችውን ሰው ሊያስተምር አይችልም። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ማደን አያውቅም፤ ሰውንም አይፈራም፤ ቢለቀቅ ወደ መንደር ወርዶ ከብት ይበላል፤ ከዚያም ይገደላል። ስለዚህ በሰፊ አጥር ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይጦራል። ወደ ዱር መመለስ የሚችል እንስሳ ግን እንዲመለስ ይደረጋል።

ማዕከሉን የወለደውም የአንበሳ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤልሳ ስለተባለች ወላጅ አልባ አንበሳ «ቦርን ፍሪ» የሚባል ፊልም ወጣ። ቨርጂኒያ ማኬና እና ቢል ትራቨርስ የተባሉት ባልና ሚስት ተዋናዮች በዚያ ሥራ ልባቸው ተነክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ኋላ ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን የሆነውን ድርጅት መሠረቱ። ፊልም ማየት ዋጋ አለው የምለው ይህን ስለማውቅ ነው።

አንበሳ የሌላ አገር ታሪክ አይደለም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ስብስብ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመጡ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዚያ ከነበሩት የ15ቱን ዘረ መል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ጎፈራቸው ከአንገት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል፤ ጠቆር ያለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በራሱ በካሳ አገር፣ በቋራው አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በዱር የሚኖሩ አንበሶች በካሜራ ተቀርጸው ተረጋገጡ። ሌላውም የዱር እንስሳ ሩቅ አይደለም፤ ሱሉልታ ያደገ ልጅ የጅብን ድምፅ ከፊልም አልተማረውም፤ የሰበታውም ወደ መናገሻ ሱባ ደን ቢወጣ ጉሬዛ ያያል።

ለልጆቻችሁ «ሙፋሳ»ን አሳዩአቸው፤ ከዚያ ቦርን ፍሪን ጠይቃችሁ እንሰሳ ኮቴ ውሰዷቸው። ሌላም አደራ አለኝ። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚነጠቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች ዛሬም በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዓረብ አገራት ይሸጣሉ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። በሰው ግቢ የታሰረ ደቦል ወይም ግልገል ያየ ሰው አንጀቱ ራርቶ አይግዛው፤ የገዛ ቀን ለሌላ እናት መነጠቅ ገበያ ከፍቷልና። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ያመልክት።