ሦስት ቀን የተዘጋው መንገዳችን



ባለፈው ወር እዚህ ሆሳዕና፣ ከሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ። እንደ ወጋችን የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ወጣቶቹ ቋሚና ሸራውን ተሸክመው መጡ፤ ድንኳኑም ከዚህ አጥር እስከዚያኛው አጥር መንገዱን ሞልቶ ተተከለ። በሁለቱም ጫፍ ትልልቅ ድንጋይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ተሽከርካሪ አላቋረጠም።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድንገት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው የሚነጋገረው በዝግታ ነው፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገውም። በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አባት ከቤታቸው እስከ ድንኳኑ በመንገዱ መሀል፣ ዞር ብለው ሳያዩ መጡ። ልጆች ከድንኳኑ ራቅ ብለው በድንጋይ ንጣፉ ላይ ጠጠር ይጫወታሉ፤ «ኧረ ባጃጅ!» ብላ የምትጮህባቸው እናት የለችም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ተነሣ፤ ድንጋዮቹም ተነሡ። የመጨረሻው ቋሚ ሳይወጣ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ መተላለፍ ጀመሩ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፦ በለቅሶ ምክንያት ለሦስት ቀን መዝጋት ከቻልን፣ በምክክርና በፈቃድ ለሦስት ወር ብንሞክረውስ?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የእኛ መንገድ እንዴት አቋራጭ ሆነ?

የዛሬ ዐሥር ዓመት አካባቢ ይህ መንገድ ጭቃ ነበር። ክረምት ከገባ የሚያልፍበት እግረኛና አህያ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በጀርመን ድጋፍ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአገሪቱ ከተሞች የተዳረሰው የኮብልስቶን ሥራ ወደ እኛ ሲመጣ፣ እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ነዋሪውም አዋጣ። ከእቁብ የወጣላቸውን ያመጡ እናቶች አሉ፤ ከደቡብ አፍሪካ ወንድሙ የላከለትን የሰጠ አለ። ያዋጣነው ልጆቻችን በጭቃ እየተንቦራጨቁ ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ነው።

ድንጋዩ ሲነጠፍ ግን መንገዳችን ከአንዱ አስፋልት ወደ ሌላው የሚያሳጥር ሆነ። ከተማችንም እያደገች ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው መኪና በእኛ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ ይወርዳል፣ ወደ ዱራሜም ይታጠፋል። ዋናው መንገድ ለግንባታ በተቆፈረ ወይም በተጨናነቀ ቁጥር ሹፌሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሚያልፉት ውስጥ ብዙዎቹ በሰፈራችን ቤትም፣ ሱቅም፣ ዘመድም የላቸውም። ለያሆዴ በዓል ሰው ከየአገሩ ሲመለስማ ከበር መውጣት ራሱ ጭንቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ኳሱን ተከትሎ ከበር ሲወጣ ባጃጅ ገጨው። እግሩ ተሰበረ፤ ፈጣሪ ይመስገን ዛሬ ይራመዳል። ሹፌሩም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ሐኪም ቤት ያደረው እሱ ነበር። ይህን የምናገረው ባጃጅ ነጂዎችን ለመክሰስ አይደለም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ፣ በአንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። ከአጥር እስከ አጥር ስድስትና ሰባት ሜትር በሆነ መንገድ ላይ ይህ ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል። አንድን ሹፌር ብንመክር ነገ ሌላ ይመጣል፤ መንገዱ ራሱ «እዚህ ሰው ይኖራል» ብሎ መናገር አለበት።

መዝጋት ስል ምን ማለቴ ነው?

ብዙ ሰው «መንገድ ይዘጋ» ሲባል ቤቱ የታጠረበት ይመስለዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማገጃው የሚቀመጠው በመንገዱ መሀል፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤት በአንደኛው ጫፍ በኩል በመኪናም በባጃጅም ይደረሳል፤ የታመመ ይወጣል፣ ጤፍና ሲሚንቶ ይገባል። የማይቻለው ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። እግረኛ፣ ብስክሌትና ተሽከርካሪ ወንበር ግን እንደ ልብ ያልፋሉ።

ይህ አንዳንድ ሰፈሮች በብረት በር ዘግተው ዘበኛ ከሚያቆሙት ጋር አይምታታ። ያ በር «አንተ ማነህ?» ብሎ ሰውን ያግዳል። የእኛ ማገጃ ሰውን አያግድም፤ የሚያግደው ሰፈሩን እንደ ማለፊያ ቱቦ የሚጠቀመውን ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ብቻ ነው።

«መኪናው ታዲያ የት ይሂድ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጎረቤት ሰፈር ላይ ጣጣችንን ልንደፋ አይገባም። ሦስት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ11 አገሮች መንገድ የተዘጋባቸውን ወይም የጠበበባቸውን ከ70 የሚበልጡ ቦታዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። ይፈራ የነበረው መጨናነቅ በአብዛኛው አልመጣም። የዙሪያው መንገዶች አንድ ላይ ሲቆጠሩ በተዘጋው ወይም በጠበበው መንገድ ላይ ከነበረው ትራፊክ በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጠፍቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው እንደ ውሃ አይደለም፣ ያስባል። አንዱ ሰዓቱን ይቀይራል፣ አንዱ ሁለት ጉዳይ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል፣ አንዱ በእግሩ ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፤ አማካይ ነው። ጭራሽ ያልቀነሰበት፣ የጨመረበትም ቦታ ነበር። ስለዚህ በእኛ ከተማ የሚሆነውን የምናውቀው ሞክረን ስንቆጥር ነው።

በአገራችንም ተሞክሯል

ኅዳር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ ሲራመድባቸው፣ ሲሮጥባቸው፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱባቸው አየን፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ከእኛ በፊት ኪጋሊ እ.ኤ.አ. ከ2016፣ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ያደርጉታል። ትልቁ ትምህርት አስፋልት ለሰውም ሊሆን እንደሚችል ማሳየቱ ነው። እሑድ ረፋድ ሲያልቅ ግን መንገዱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ልጅ ደግሞ ሰኞም ከቤት ይወጣል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በአዲስ አበባ በለገሃር መስቀለኛ መንገድ የተደረገው ነው። በአንድ ጊዜ ኮንክሪት አላፈሰሱም፤ መጀመሪያ መሬቱን ቀለም ቀብተው እግረኛው የሚሻገርበትን ርቀት አሳጠሩ፣ ሹፌሩ ሲታጠፍ ፍጥነት እንዲቀንስ አደረጉ። በስህተት የተቀባ ቀለም እንደገና ይቀባል፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን በዶማም አይነሣም። መሞከር ማለት ይህ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር ከአገሪቱ ዕቅድ የወጣ አይደለም።

ችኮላ የሚያመጣውን ግን ከለንደን እንማር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በብዙ ሰፈሮች አቋራጭ መንገዶች በፍጥነት ተዘጉ። ነዋሪው በቅጡ ሳይጠየቅ በተዘጋባቸው አንዳንድ ቦታዎች ቁጣ ተነሣ፤ ማገጃዎቹም ተነሡ። ያለ ምክክር የተዘጋ መንገድ ዕድሜ የለውም።

የማቀርበው ሐሳብ

1. መጀመሪያ እንቁጠር። ማገጃ ከመቀመጡ በፊት አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 11 ሰዓት። ባጃጅ፣ ሞተር፣ መኪና፣ ጋሪ፣ እግረኛ፣ ብቻቸውን የሚጫወቱ ልጆች። በእኛ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ባሉት መንገዶችም እንቁጠር።

2. እድሩ ከማዘጋጃ ቤትና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ይነጋገር፤ በጽሑፍ ፈቃድ ሳናገኝ አንዲት ድንጋይ አናስቀምጥ።

3. ማገጃው የሚነሣ ይሁን። አፈር የተሞላና አበባ የተተከለበት በርሜል ግራና ቀኝ፣ መሀሉ ላይ በቁልፍ የሚወርድ ብረት። ቁልፉ ሌሊትም ቀንም ከሚገኙ ሁለት ቤቶች ይቀመጥ፤ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ስልካቸው ይሰጥ።

4. ባጃጅ ነጂዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይኑሩ። ነዳጃቸውን፣ ጊዜያቸውን የሚነካ ነገር ነው። በሁለቱም ጫፍ መቆሚያ ብንሰጣቸው ተሳፋሪ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

5. ጥግ ላይ ያሉት ባለ ሱቆች ገቢያቸው ቀንሶ እንደሆነ በየሁለት ሳምንቱ ይጠየቁ። የጎረቤት ሰፈር ሰዎችም «ወደ እኛ ገፋችሁት» ካሉ ቃላቸው እንደ እኛ ቃል ይቆጠር።

6. በሦስተኛው ወር መጨረሻ እንደገና እንቁጠርና እንወስን። ካልሠራ በርሜሎቹን እናነሣለን፤ ከሠራ ቀጣዩን መንገድ እንጠይቃለን።

ይህን ለሆሳዕና ብቻ አልጽፍም። ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ሾኔ፣ ሆመቾ ያላችሁም ከተማችሁ ገና እያደገ ነው። አቋራጩ ልማድ ሳይሆን ማስተካከል፣ ልማድ ከሆነ በኋላ ከመታገል ይቀላል።

አንዳንድ ሰው «ሕዝባችን እንዲህ ያለውን አይቀበልም» ይለኛል። እኔ ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ያን ሦስት ቀን አንድም ሹፌር አልተሳደበም፤ ድንኳኑን ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ዞሮ ሄደ። መንገዱ የሰው መሆኑን ያውቅ ነበር። ለሞተ ሰው ያሳየነውን ክብር በሕይወት ላለው ልጅም እናሳየው እላለሁ።

የፊታችን እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ለቆጠራው ስምንት ሰው እፈልጋለሁ። ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ፤ እናንተ እስክሪብቶና ጊዜያችሁን ይዛችሁ ኑ።