«ግሬዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በአማርኛ ሲተረጐም

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ ሰነዶችን ለደባርቅና ለዳባት አንባቢ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ግሬዝ» የተባለውን ግሥ ደጋግሞ ያገኘዋል። አብዛኛውን ጊዜ «ጋጠ» ብሎ ያልፈዋል። ትርጕሙ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ግሦች የሚገናኙት በከፊል ብቻ ስለሆነ ጕዳዩን ዘርዘር አድርገን ልንመለከተው ወደድን።

የእንግሊዝኛው ግሥ የወጣው ሣር ከሚለው የዚያው ቋንቋ ስም ነው። ስለዚህ እንስሳው ሣር መብላቱን ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደ በላ አይነግረንም። የእኛው «ጋጠ» ግን ሣርን በውስጡ አልያዘም፤ በጥርስ እያስጠጉ ነቅሶ መብላትን ያመለክታል። በሬ መስክ ይግጣል፤ ሰውም አጥንት ይግጣል። «የተጋጠ መስክ» ሲባል መራቈቱ ወዲያው የሚታሰበን ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ባለቤትን ይመለከታል። እንግሊዝኛው ላምም ሣር ስትበላ፣ ገበሬውም ላሟን መስክ ሲያውል፣ በአንድ ግሥ ይናገራል። አማርኛ ይለያል፤ ከብቱ ጋጠ፣ ሰውየው አስጋጠ ወይም አሰማራ። «ግጦሽ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ እንግዲህ ማንን እንደሚከለክል አይታወቅም። «ከብት ማሰማራት ክልክል ነው» ቢባል ትእዛዙ ለሰው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከእረኛው አምልጦ የገባ ወይፈን አልተሰማራምና ባለቤቱ ይከራከርበታል። ደንብ አውጪው ይህንንም ማካተት ከፈለገ «ከብት ገብቶ ቢገኝ» ብሎ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ኦቨርግሬዚንግ» ለሚለው «ልቅ ግጦሽ» ማለት መለመዱ ነው። ልቅ ማለት ያልታሰረ፣ ጠባቂ የሌለው ማለት ነው፤ ነቀፌታው በአያያዙ ላይ ያርፋል። የእንግሊዝኛው ቃል የሚናገረው ግን ስለ መጠን ነው፤ መስኩ ከሚችለው በላይ ተግጧል ማለቱ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ግዴታ ግን አይደለም። ጥቂት ከብት በሰፊ መስክ ልቅ ቢውል ሣሩ አይጐዳም። ብዙ መንጋ በእረኛ እየተጠበቀ ቢውል መስኩ ይራቈታል። በሰሜን ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲቈይ፣ የግጦሽ ጫና ከሚነሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እረኛ ያለውን ገበሬ በልቅ ግጦሽ ብንወቅሰውና «የእኔ ከብት መቼ እረኛ አጥቶ!» ብሎ ቢመልስ፣ አማርኛው የሚፈርደው ለእርሱ ነው። በእኛ አስተያየት «ልቅ ግጦሽ» ጠባቂ ለሌለው ብቻ ይቀመጥ፤ ለመጠኑ «ከመጠን ያለፈ ግጦሽ» ይባል። ረዝሟል ለሚለን፣ የረዘመ ቃል ካልተገባ ክስ ይሻላል እንላለን።

ስለ ዱር እንስሳት ሲሆን ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሀብት አለው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር በል ነውና እንግሊዝኛው እንደ ከብቱ በ«ግሬዝ» ይገልጸዋል። ነገር ግን ጭላዳ ቍጢጥ ብሎ በጣቶቹ ይነጫል እንጂ እንደ በሬ በአፉ አይግጥም፤ ስለዚህ «ሣር እየነጨ ይበላል» ማለት ይገባል። ዋልያ ሣርም ቍጥቋጦም ይበላል፤ ቅጠሉን ሲሆን «ቀነጠሰ»፣ ሣሩን ሲሆን «ጋጠ» ብንል ይስማማዋል።

ጥይት ወይም ድንጋይ ቆዳን ነካ አድርጎ ሲያልፍም እንግሊዝኛው በዚሁ ግሥ ይጠቀማል። እዚህ ላይ «ጋጠ» ፈጽሞ አይገባም፤ «ጨረፈ» የሚለው በትክክል ይተካዋል።