የኮሚሽን ሪፖርት ፈተና ክፍል ሲገባ

የሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያመለክታሉ፤ ማጣሪያውን፣ ዋናውን የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቁን አልፈው ለሹመት የሚበቁት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። በዋናው ፈተና ተፈታኙ አንድ ትምህርት በራሱ ፍላጎት ይመርጣል። ምርጫው የሕዝብ አስተዳደር ከሆነ ሁለት ወረቀት ይጠብቀዋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ ከ250 የሚታረም። ሲሰላ ለአንድ ባለ 10 ነጥብ ጥያቄ የሚደርሰው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው።

በሰባት ደቂቃ ውስጥ ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማክስ ዌበር ስለ ቢሮክራሲ ያለውን መድገም ብዙዎች ይችላሉ። ሁለተኛው ወረቀት የሚጠይቀው ግን ስለ ሕንድ አስተዳደር ነው፤ እዚህ ላይ መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አያዘልቅም። ስለዚህ ተፈታኞች የመንግሥትን ሪፖርቶች ያገላብጣሉ። በተለይ የሚዘወተረው የሁለተኛው የአስተዳደር ማሻሻያ ኮሚሽን ሥራ ነው። በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመውና ቪራፓ ሞይሊ የመሩት ይህ ኮሚሽን ከመረጃ የማግኘት መብት እስከ ሥነ ምግባር፣ ከቀውስ አስተዳደር እስከ አካባቢ መስተዳድር ድረስ 15 ሪፖርቶችን አቅርቧል።

ጥያቄው «የዜጎች ቻርተር የመንግሥትን አገልግሎት አሻሽሏል ወይ?» የሚል ነው እንበል። ቻርተር ኢትዮጵያዊ አንባቢም በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያውቀው ነገር ነው፦ የትኛው አገልግሎት፣ በስንት ቀን፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር የቃል ኪዳን ወረቀት።

አንዱ ተፈታኝ ቻርተር ግልጽነትን እንደሚያሰፍን፣ ተጠያቂነትን እንደሚያጎለብት ይጽፋል። ስህተት የለበትም። ነገር ግን ሕንድ የሚለውን ቃል አውጥተው የሌላ አገር ስም ቢተኩበት ምንም አይጎድለውም።

ሌላው ታሪኩን ይዞ ይነሳል። ቻርተር በሕንድ በ1997 ተጀመረ። በ2009 የኮሚሽኑ 12ኛ ሪፖርት ድክመቱን ዘረዘረ፦ ሲዘጋጅ ተገልጋዩ አልተማከረም፣ ሕዝቡ መኖሩን እንኳ በቅጡ አያውቅም፣ ይዘቱም ብዙም አይታደስም። ስለዚህ ቃል የገባ መሥሪያ ቤት ቃሉን ሲያጥፍ ምን እንደሚከተል በቻርተሩ ይስፈር አለ። በዓመቱ የማድያ ፕራዴሽ ግዛት የአገልግሎት ዋስትና ሕግ አወጣ፤ አገልግሎት ያዘገየ ሠራተኛ በቀን 250 ሩፒ፣ ቢበዛ እስከ 5000 ሩፒ ይቀጣል። በ2011 ለፌዴራሉ ፓርላማ የቀረበው ተመሳሳይ ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ በ2014 የታችኛው ምክር ቤት ሲበተን አብሮ ወደቀ።

ሁለተኛው መልስ ሪፖርቱን የተጠቀመበት ለጌጥ አይደለም። ችግሩን፣ ምክሩን፣ ከምክሩ በኋላ የሆነውን በአንድ ክር አያይዞታል። የብዙ ተፈታኞች ስህተት የሚጀምረው ክሩ ሲበጠስ ነው፤ «ኮሚሽኑ እንዳለው» የሚል ሐረግ በየአንቀጹ ይነሰነሳል፣ ኮሚሽኑ ያለው ነገር ግን የጠቅላላ እውቀት ያህል ሆኖ ይቀራል።

በምክርና በተግባር መካከል ያለው ርቀት ራሱ የመልስ ቁም ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው የአስተዳደር ማሻሻያ ኮሚሽን በ1966 በባለሥልጣናት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመረምር ሎክፓል እንዲቋቋም መከረ፤ በኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ከሚባለው ጋር የሚዛመድ ተቋም ነው። ረቂቁ ፓርላማ የገባው በ1968፣ ሕጉ የጸደቀው በ2013፣ የመጀመሪያው ሎክፓል የተሾመው በ2019 ነው። ከምክሩ እስከ ሹመቱ 53 ዓመት! ይህን ያወቀ ተፈታኝ «የፖለቲካ ቁርጠኝነት ያንሳል» ብሎ ከመደምደም ይልቅ ዓመቶቹን አስቀምጦ ፍርዱን ለአራሚው መተው ይችላል።

ኮሚሽኖች ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራሉ፤ የተመደበው ገንዘብ ምን እንደሠራ የሚናገረው ደግሞ የዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው። ሁለቱን ያጣመረ መልስ መንግሥት ስለ ራሱ ያለውን ተቀብሎ ብቻ አያስተጋባም።

አሥራ አምስት ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር መሸምደድ አያስፈልግም። ለየርዕሱ አንድ ገጽ ይበቃል፤ በገጹም ላይ አራት መስመር፦ ችግሩ፣ ምክሩ፣ የተፈጸመው፣ የቀረው። በቻርተሩ ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ የማድያ ፕራዴሽ 250 ሩፒ ይሰፍራል፤ አራተኛው ላይ በ2014 የወደቀው ረቂቅ።